ኦቦ ጉደታ፣ ሴት ልጃቸውና የእኔ ወገብ

እስከ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ድረስ ወገብ እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ቀበቶ የማስርበት ቦታ መሆኑን አውቃለሁ። ከዚያ ውጪ ግን አስቤውም አላውቅ። እናንተስ? ዛሬ ጠዋት ስትነሱ «ወገቤ እንዴት አደረ?» ብላችኋል? አላላችሁም። እኔም አላልኩም ነበር።

ከዚያ አንድ ሰኞ ጠዋት አስነጠሰኝ።

በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ጆንያ ተሸክሜ ወይም ቁም ሳጥን ስገፋ ቢሆን ኖሮ ለማውራትም ያኮራ ነበር። እኔ ግን አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ፣ የግራ እግሬን ካልሲ ላጠልቅ ጎንበስ እንዳልኩ አስነጠሰኝ። ወገቤ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። እዚያው ቀረሁ። ቀና ማለት የለ፣ መተኛት የለ። ባለቤቴ ወይንሸት ከወጥ ቤት ስትመጣ ግንባሬ ጉልበቴን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«ምን ጠፋህ?» አለችኝ፣ የወደቀ ነገር የምፈልግ መስሏት።

«ወገቤ!» አልኳት።

ጎንበስ ብላ አልጋው ስር አየች። እውነቴን ነው የምላችሁ።

የምንኖረው ጎፋ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። አራት ጎረቤቶች ተጠርተው በፕላስቲክ ወንበር አስቀምጠው፣ ጋቢ ደርበውብኝ፣ ደረጃ በደረጃ አወረዱኝ። የአንደኛ ፎቋ ወይዘሮ አልማዝ በሯን ስትከፍት ምን ታያለች? አራት ወንዶች፣ ዝም ብለው፣ በጋቢ የተሸፈነ ነገር ተሸክመው ይወርዳሉ። «ወይኔ ጋሽ ታደሰ!» ብላ ደረቷን መታች። እኔ ደግሞ ጨዋ ነኝ መቼስ፣ ከጋቢው ስር «እንደምን አደርሽ ወይዘሮ አልማዝ» አልኳት። የዚህን ጊዜ ነው የባሰ የጮኸችው።

ሐኪም ቤት መርፌ ወጉኝ፣ ኪኒን ሰጡኝ፣ እረፍት ጻፉልኝ። ካልተሻለህ ተመለስ አሉኝ። መጀመሪያ ትንሽ ተሻለኝ። ከዚያ ሕመሙ አገር መዞር አማረው። ከወገቤ ተነስቶ በግራ መቀመጫዬ አልፎ፣ ባቴን ይዞ፣ ትንሿ ጣቴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ሳስል እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል። ጠያቂዎች ይመጣሉ። አንድ እጅ ሙዝ ያስቀምጡና በወገብ ኦፕራሲዮን የቀረ ዘመዳቸውን ታሪክ ነግረውኝ ይሄዳሉ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስንት ሙዝ በላሁ፣ ስንት ሰው ቀበርኩ! ማታ ማታ ጣሪያውን እያየሁ አንድ ነገር ብቻ አስባለሁ፤ ዳግመኛ በእግሬ ደረጃ ወጥቼ ቤቴ እገባ ይሆን?

በመጨረሻ ወይንሸት «ላፍቶ፣ ኦቦ ጉደታ ጋ እንሂድ» አለች።

ኦቦ ጉደታ ወጌሻ ናቸው። አያት ቅድመ አያታቸው ያረሱት መሬት ላይ ዛሬ ፎቅ ቆሟል። እሳቸው የቀረቻቸው ግቢ ውስጥ አራት ላሞች ያረባሉ። ጠዋት ወተት ይሸጣሉ፣ ከሰዓት አጥንት ይመልሳሉ። ኳስ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት፣ ከመወጣጫ ላይ የወደቀ ግንበኛ፣ ትከሻው የወለቀ ተሸካሚ፣ ሁሉም እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ ይጠብቃል። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። እጃቸው ግን አካፋ ያክላል።

እኔ ጠረጴዛቸው ላይ ተዘርግቼ እንደሚያሹኝ፣ እንደምጮህ፣ ከዚያም እንደምድን እርግጠኛ ነበርኩ። ኦቦ ጉደታ ግን በአውራ ጣታቸው ወገቤን ከላይ እስከ ታች ቀስ ብለው ዳሰሱና ቆም አሉ።

«በቀኝ እግርህ ጣቶች ብቻ ቁም» አሉኝ። ግድግዳ ይዤ ቆምኩ።

«በግራ።»

ሞከርኩ። ተረከዜ ከመሬት አልነሳ አለ። ደጋግሜ አዘዝኩት፣ አልሰማኝም። የገዛ እግሬ! ያን ጊዜ እውነተኛ ፍርሃት ያዘኝ። ኦቦ ጉደታም አይተውታል።

«ይሄ የእኔ አይደለም» አሉ።

«እንዴት ኦቦ? ወገብ እኮ ነው።»

«የወለቀ እመልሳለሁ፣ የዞረ አቃናለሁ። ይሄ የነርቭ ነገር ነው። ብነካው ላበላሽብህ እችላለሁ።» ከዚያ ረጅም ጊዜ ላሞቻቸውን አዩ። «ለቡ ውረድ። ሌንሳ ጋ ሂድ።»

ባለቤታቸው አደ ድርቤ የወተት ጣሳ ይዘው ሲያልፉ ነበር። ይህን ሲሰሙ ቀጥ ብለው ቆሙ። በር ድረስ ሊሸኙን ወጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩን። ሌንሳ ልጃቸው ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ በአባቷ አግዳሚ ስር ነው ያደገችው። ደቡብ አፍሪካ ሄዳ የጀርባ አጥንት ሕክምና ተምራ መጣች። ባለፈው ዓመት አባትየው የአንድ ኳስ ተጫዋች እግር ሊያሹ ሲሉ፣ ሰው በሞላበት «አባዬ፣ አትሸው፣ ተሰብሮ ይሆናል፣ መጀመሪያ ራጅ ይነሳ» አለቻቸው። ራጅ ተነሳ። ተሰብሯል። ልጅቷ ትክክል ነበረች፣ ጥፋቷም እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ኦቦ ጉደታ ክሊኒኳን ረግጠው አያውቁም። እሁድ እሁድ ልትጠይቃቸው ስትመጣ ላሞች ሊያጠጡ ይወጣሉ።

«ስሟን ከአፉ ከሰማሁ ዓመት ሆነኝ» አሉ አደ ድርቤ። ዓይናቸው እንባ አዝሏል። እኔ በወገቤ ላለቅስ ነው፣ እሳቸው በደስታ።

በማግስቱ ለቡ ሄድን። ክሊኒኩ ምድር ቤት ነው፣ ተመስገን። ከጎኑ ግዙፍ ግዙፍ ሶፋ የሚሸጥ ቤት አለ። ሰው ሲቀመጥበት እስከ አንገቱ የሚውጥ ዓይነት ሶፋ። ለሌንሳ በሽተኛ የሚቀርብላት ከዚያ ይመስለኛል። በሩ ላይ «ካይሮፕራክተር» የሚል ተጽፏል።

«ካይሮ ነው እንዴ የተማረችው?» አለች ወይንሸት። «ደቡብ አፍሪካ ሲሉን አልነበር?»

ሌንሳ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ቁመቷ አጭር፣ እጇ ግን የአባቷ ነው፤ ያንን አካፋ ቁርጥ። አንቱ ስላት ሳቀችና «አንቺ በለኝ ጋሼ፣ አለበለዚያ ያረጀሁ ይመስለኛል» አለችኝ። ቃሉ ከግሪክ እንጂ ከካይሮ እንዳልመጣ፣ ትርጉሙም በእጅ የሚሠራ ማለት እንደሆነ ለወይንሸት አስረዳቻት። መድኃኒት አታዝም፣ ቢላ አታነሳም። ሥራዋ ከመገጣጠሚያ፣ ከጡንቻና ከነርቭ ጋር፣ በተለይም ከጀርባ አጥንት ጋር ነው።

እኔ ግን ሌላ ነገር ነበር የምጠብቀው። ስልኬ ላይ ስንት ቪዲዮ አይቻለሁ! አንገት ይጠመዘዛል፣ ቋ ይላል፣ ሰውየው ተነስቶ ይጨፍራል። ኑዛዜዬን በልቤ ጨርሼ ነበር የሄድኩት። ሌንሳ ግን ወረቀት አውጥታ ጥያቄ ጀመረች። እንዴት ነው የምትተኛው? ስንት ትራስ? ሥራህ ምንድን ነው? መዝገብ ቤት፣ ቁጭ ብዬ እውላለሁ አልኩ። ሽንትህን ትቆጣጠራለህ? እፍረት ያዘኝ። እሷ ግን «ይሄ ዋናው ጥያቄ ነው፣ አትፈር» አለችኝ። እቆጣጠራለሁ አልኩ። እዚያ አካባቢ መደንዘዝ አለ? የለም። ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታች፣ ተረከዜን መታች፣ እግሬን ወደ ላይ አነሳች። ከዚያ «የኋላ ኪስህ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» አለች።

ቦርሳዬ ነው። አወጣሁት። ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ጡብ የወደቀ መሰለ። ከውስጡ ያልወጣ ምን አለ? ጊዜው ያለፈበት የቀበሌ መታወቂያ፣ የፈረሰ እድር ደብተር፣ ከሱሪ ጋር የታጠበ ሎተሪ፣ የወይንሸት የጉርድ ፎቶ፣ የየት እንደሆነ የማይታወቅ ቁልፍ። ገንዘብ ብቻ ነው ያልነበረበት።

«ስንት ዓመት ተቀመጥክበት?»

«ሃያ ስድስት» አልኳት።

«ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንዱ መቀመጫህ ፎቅ ላይ፣ ሌላው ምድር ቤት ነው የኖረው ጋሽ ታደሰ። በሽታህን ያመጣው እሱ ነው አልልህም። ግን አላገዘህም።»

ወይንሸት ጉርድ ፎቶዋን አንስታ «እኔንም ሃያ ስድስት ዓመት ተቀመጥክብኝ?» አለች። የሚያመው ሰው አይጠየቅም ብዬ አቃሰትኩ።

በመጨረሻ «እና፣ ቋ የሚለው መቼ ነው?» አልኩ።

«ዛሬ አይደለም። ግራ እግርህ ደክሟል። መጀመሪያ ኤም አር አይ ተነስተህ የነርቭ ሐኪም ይይህ። በእጅ የማይነካ ነገር ካለ አልነካውም።» ከዚያ ካርዱን እየሞላች «ማን ላከህ?» አለች።

«አባትሽ።»

እስክሪብቶው ቆመ።

«አባቴ?»

«ኦቦ ጉደታ። ዳሰሱኝና ይሄ የእኔ አይደለም፣ ሌንሳ ጋ ሂድ አሉኝ።»

«ሌንሳ አለ? በስሜ?»

«በስምሽ።»

ከዚያ በኋላ ካርዱ ላይ የጻፈችውን አላውቅም፤ ማንበብ የሚቻል አልነበረም።

ኤም አር አይ ተነሳሁ። የነርቭ ሐኪሙ አየኝ። በሁለት አጥንቶች መሐል ያለው ትራስ መሰል ነገር ወጥቶ ነርቩን ተጭኖታል አለኝ። ኦፕራሲዮን አሁን አያስፈልግህም፣ ድክመቱ ከባሰ ግን ፈጥነህ ተመለስ፣ እስከዚያ ሕክምናውን ሞክር አለኝ። ኦፕራሲዮን አያስፈልግህም! ያን ቀን ወይንሸትን መንገድ ላይ ልሳማት ምንም አልቀረኝም፤ ጎንበስ ማለት ባልችል ነው።

በሳምንት ሁለት ቀን ለቡ መመላለስ ጀመርኩ። የሌንሳ አልጋ መሐሉ ላይ ይታጠፋል። በሆዴ አስተኝታ፣ አልጋውን ቀስ እያለች ታጥፈውና ወገቤን ትስበዋለች። ሕፃን እሹሩሩ እንደማለት ነው። አንድ ጊዜ እንቅልፍ ወስዶኝ አንኮራፍቻለሁ ብላኛለች፣ እኔ አላምንም። የቤት ሥራም ትሰጣለች። በሆድ ተኝቶ በክንድ ቀና ማለት፣ በጀርባ ተኝቶ ዳሌን ማንሳት፣ በየግማሽ ሰዓቱ ከወንበር መነሳት። መዝገብ ቤት ውስጥ ካርቶን አንጥፌ ስሠራ አለቃዬ ገብተው አዩኝ። በፋይሎች መሐል ዳሌዬን ወደ ሰማይ ሰቅዬ። ወጡና በሩን ቀስ ብለው ዘጉ። እስከ ዛሬ አልጠየቁኝም፣ እኔም አላስረዳሁም።

አምስተኛ ጊዜ ስሄድ በጎኔ አስተኛችኝና ጉልበቴን አጠፈችው። «ትንፋሽ ሳብ። አስወጣ» አለች። ከዚያ ቋ!

«በስመ አብ!» ብዬ ጮህኩ። ውጪ ተራ ከሚጠብቁት አንዲት ሴት ተነስታ መሄዷን በኋላ ሰማሁ።

«አጥንትህ አልተሰበረም» አለች ሌንሳ እየሳቀች። «መገጣጠሚያው ውስጥ ፈሳሽ አለ፣ ፈሳሹ ውስጥ አየር አለ። የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት ድምፅ ያወጣ የለ? እንደዚያ ነው። ቋ ባይል እንኳ ሥራው ይሠራል። ድምፁን አትቁጠር፣ እርምጃህን ቁጠር።»

እኔም እርምጃዬን ቆጠርኩ። ከሁለተኛ ፎቅ ሦስተኛ ሳላርፍ ወጣሁ። ተአምር አልነበረም። ሁለት ቀን ተሽሎኝ አንድ ቀን የሚያመኝ ጊዜ ነበር። ግን ከሳምንት ሳምንት ሕመሙ ከጣቴ ወደ ባቴ፣ ከባቴ ወደ መቀመጫዬ ማፈግፈግ ጀመረ። ይሄ ጥሩ ምልክት ነው ትላለች ሌንሳ፤ በመጣበት እየተመለሰ ነው።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስኩ።

ኦቦ ጉደታን ላመሰግን ላፍቶ ሄድኩ። ምስጋናዬን አልሰሙኝም። «በመዳፏ ነው የምትጫን በአውራ ጣቷ?» አሉኝ። በመዳፏ አልኩ። «ክንዷን ታጥፋለች?» አታጥፍም አልኩ። «ጥሩ» አሉና ወደ ላሞቹ ዞሩ። ለቡ ስሄድ ደግሞ ሌንሳ «አባዬ ሲዳስስህ ከላይ ነው የጀመረ ከታች?» ትለኛለች። ከላይ ነው እላለሁ። «ስንት ጣት?» እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ደብዳቤ ከቢሮ ቢሮ ያመላለስኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ግን አመላልሼ አላውቅም። አባትና ልጅ በእኔ ወገብ ላይ መጻጻፍ ጀመሩ። አንዱም «ሰላም በልልኝ» አይልም። እሷ «ውኃ ይጠጣል?» ትላለች፣ እሳቸው «ምሳ ትበላለች?» ይላሉ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አደ ድርቤ ደወሉልኝ። አንዷ ላም ስትወልድ ጥጃዋ ተቀርቅራ፣ ኦቦ ጉደታ ሲስቡ ወገባቸው ቀጥ ብሎ ቀርቷል። ከትናንት ጀምሮ ከአልጋ አልተነሱም። ሌንሳ እንዳትሰማ ብለዋል። «እስቲ አንተ ና፣ አንተን ይሰማል» አሉኝ። በወገብ ጉዳይ አማካሪ ሆንኩ ማለት ነው።

ሄድኩ። ኦቦ ጉደታ በጎናቸው ተኝተው ግድግዳውን ያያሉ። ጥጃዋ ደህና ናት፣ ጓሮ ትጮኻለች።

«ለቡ እንሂድ ኦቦ» አልኩ።

«ልጄ ፊት ልብሴን አላወልቅም።»

«ልብስ አይወልቅም። እኔ ሁሌም በሸሚዜ ነኝ።»

ፊታቸውን ከግድግዳው ሳያዞሩ «ያን ቀን ያ ኳስ ተጫዋች እግሩ ተሰብሮ ነበር» አሉ። «እሷ ባትኖር አሸው ነበር። አንካሳ አደርገው ነበር። እሷ ላይ አይደለም የተናደድኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው በነካሁ ቁጥር እጄን እፈራዋለሁ።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና «እኔን ሲነኩኝ ፈርተው ነበር?» አልኩ።

«በጣም።»

«ስለፈሩ እኮ ነው የዳንኩት ኦቦ። ሳይፈሩ ቢያሹኝ ኖሮ ዛሬ ማን በእግሩ መጥቶ ይለምንዎታል?» ብዬ ተነሳሁና፣ ዞር ሲሉ፣ እፊታቸው በግራ እግሬ ጣቶች ቆምኩ። ተረከዜ ከመሬት ተነሳ። ብዙ አይደለም፣ ሁለት ጣት ያህል። ግን ተነሳ።

አዩት። ከዚያ «ባጃጅ ጥራ» አሉ።

ክሊኒኩ በበሽተኛ ሞልቷል። ሌንሳ በር ላይ አባቷን ስታይ ጓንት የለበሰ እጇን አፏ ላይ አደረገች። አባትየው ሰላም ሳይሏት ወደ አልጋው አለፉ። እኔና አደ ድርቤ ደግፈን አስተኛናቸው። ሌንሳ የጠየቀችኝን ሁሉ ጠየቀቻቸው፤ ስለ ሽንትም ጠየቀች፣ በተራቸው አፈሩ። እግራቸውን አነሳች፣ በመዶሻ መታች፣ በጣት አቆመቻቸው። ነርቭ አልተነካም፣ አጥንት አልተጎዳም፣ ተቆልፎ ነው አለች። በጎናቸው አስተኛቻቸውና መዳፏን ወገባቸው ላይ አሳረፈች። ከዚያ ቆመች። አልገፋችም።

«እጅሽ ይንቀጠቀጣል» አሉ ኦቦ ጉደታ።

«አውቃለሁ አባዬ።»

«የእኔም ይንቀጠቀጣል ሰሞኑን። ምንም አይደለም። አባትሽ መሆኔን እርሺውና ተጫኚ።»

«ትንፋሽ አስወጣ» አለች።

ቋ!

ድምፁ እንግዳ መቀበያው ድረስ ተሰማ። ኦቦ ጉደታ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ከዚያ እግራቸውን አወረዱ፣ ተቀመጡ፣ ቀስ ብለው ቆሙ። ሙሉ በሙሉ አልተቃኑም፣ ግን ቆሙ። ልጃቸውን አዩአት። እጇን ያዙ፣ ገለበጡት፣ እንደ ዕቃ መረመሩት። ሌንሳ ታለቅሳለች። አደ ድርቤ ያለቅሳሉ። እኔ አላለቀስኩም፤ አቧራ ነው፣ ለቡ መቼም ግንባታ ነው።

ስንወጣ ተራ የሚጠብቁ አንዲት እናት ኦቦ ጉደታን አስቆሟቸው። ፈርተዋል፣ ቋ ሲል ሰምተዋል።

«አባባ፣ ልጅቷ እንዴት ናት? ደህና ሐኪም ናት?»

ኦቦ ጉደታ አሰቡ። ግድግዳው ላይ የሌንሳ ዲግሪ በመስተዋት ተሰቅሏል። አዩት፣ አለፉት።

«ወጌሻ ናት» አሉ።

ሰው ወጌሻ ሲላት ምን ያህል እንደምትቆጣ እኔ አውቃለሁ። እኔ ራሴ አንድ ቀን አምልጦኝ ብያት፣ ሰባት ዓመት የተማረችውን ሁሉ ቆጥራልኛለች። በር ላይ ቆማ ነበር፣ ሰምታለች። ቁጣውን ጠበቅኩ። አልተቆጣችም። እንዲያውም ሴትየዋን «ይግቡ እናቴ» አለቻቸው፣ ፊቷ በርቶ።

ኦቦ ጉደታ ባጃጁ ጋ ሲደርሱ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ፤ አዎ፣ ጎንበስ አሉ። ማንም እንዳይሰማቸው ግራ ቀኙን አዩና በጆሮዬ እንዲህ አሉኝ፦

«ግራ እጇ ብቻ ትንሽ ይቀረዋል። እሁድ ስትመጣ አሳያታለሁ።»